ከሰመመን በፊት የሚሰጠው መድኃኒት የደም ግፊትን ምን ያደርገዋል?

«ትናንት ማታ ሲለኩኝ ደህና ነበርኩ፤ ዛሬ ምን ነካኝ ልጄ?» ሐዋሳ ውስጥ በሰመመን ሕክምና ስሠራ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። በቅርቡ የጠየቁኝ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ የ62 ዓመት እናት ናቸው። ማታ ዋርድ ውስጥ 138/84 የነበረው የደም ግፊታቸው ጠዋት በተሽከርካሪው አልጋ ላይ እንደተኙ 172/98 ሆኖ ተገኘ። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው «ግፊቷ ተነሳ፤ እንግዲህ ሊመልሱን ነው» አለችና ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በነበረው ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይህ ቁጥር ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ፤ እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ነበረው። ይህ ጽሑፍ ያንን ምክንያት፣ በተለይም ከዋናው ማደንዘዣ ቀድሞ የሚሰጠው መድኃኒት በለውጡ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ ለታካሚውና ለአስታማሚው ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ሙሉ ሰመመን ታካሚው ሕመም እንዳይሰማው፣ የሆነውን እንዳያስታውስና እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ሕክምና ሲሆን፣ በአዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በደም ሥር በሚሰጥ ማስተኛ መድኃኒት ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ በዋዜማው ማታ በክኒን፣ አንዳንድ ጊዜም ታካሚው ከመተኛቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት በመርፌ የሚሰጠው ቅድመ ሰመመን መድኃኒት ይባላል፤ በሙያው አካባቢ ፕሪሜዲኬሽን እንለዋለን። የሚሰጥበት ዓላማ እንደየታካሚው ይለያያል። ለአንዱ ፍርሃቱን ለማርገብ፣ ለሌላው ሕመሙን ለማስታገስ፣ ለሕፃኑ ምራቁን ለማድረቅ፣ የልብ ሕመም ላለበት ደግሞ የልብ ምቱና ግፊቱ ድንገት እንዳይዘል ለመግታት ሊሆን ይችላል። ስሙ «ቅድመ» ስለሚል ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ ከዋናው ሥራ ውጭ ያለ መቅድም አድርጎ ይመለከተዋል። እኔ ግን በሥራ ላይ ያየሁት ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመራኛል፤ ቅድመ ሰመመን መድኃኒት የሰመመኑ የመጀመሪያ መጠን ነው፣ መቆጠር ያለበትም እንደዚያው ነው።

ይህ ልማድ አሮጌ ነው። ዊሊያም ሞርተን በ1846 በቦስተን ኤተርን በአደባባይ ካሳየ በኋላ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለረጅም ጊዜ የሰመመን ሐኪሞችን ያስቸገራቸው፣ ኤተር የመተንፈሻ አካልን እየቆጠቆጠ ምራቅና አክታ ማብዛቱ ነበር። ስለዚህ ምራቅ የሚያደርቀው አትሮፒንና ሕመምና ፍርሃትን የሚያስታግሰው ሞርፊን ቀድመው ይሰጡ ጀመር። የደም ግፊት በዚያ ዘመን በአብዛኛው አይለካም ነበር። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1901 ጣሊያን ውስጥ የጣሊያናዊውን ሐኪም የሪቫ ሮቺን የክንድ ግፊት መለኪያ አይቶ ወደ አገሩ ከወሰደው በኋላ ነው በሰመመን ሰዓት ግፊትን እየለኩ መመዝገብ እዚያ መስፋፋት የጀመረው። በሌላ አነጋገር፣ ቅድመ ሰመመን መድኃኒት መስጠት የተጀመረው በግፊት ላይ የሚያደርሰው ለውጥ በቁጥር ከመታወቁ በፊት ነው።

የደም ግፊትን ለመረዳት ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ማሰብ ይረዳል። ውኃው ላይኛው ፎቅ ድረስ በጉልበት እንዲደርስ ሮቶው መሙላት፣ ፓምፑ መሥራትና ቧንቧዎቹ በልክ መከፈት አለባቸው። ሮቶው ሞልቶ፣ ፓምፑም እየሠራ፣ የግቢው ቧንቧዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ላይ ያለው ሰው የሚያገኘው እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ብቻ ነው። በሰውነት ውስጥም የደሙ መጠን፣ የልብ ጉልበትና የደም ሥሮች መጥበብ ወይም መስፋት አንድ ላይ ሆነው ግፊቱን ይወስናሉ። ላይኛው ፎቅ ላይ እንዳለው ሰው ቀድመው የሚጎዱት አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ናቸው። ባለሙያው ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ በብዛት የሚያየው አማካይ ግፊትን ነው። ይህም የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለሦስት ተካፍሎ በታችኛው ላይ ሲደመር የሚገኘው ነው፤ በ138/84 አማካዩ 102 ይሆናል ማለት ነው። በአብዛኛው አዋቂ አማካይ ግፊት ከ65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሲወርድ፣ በተለይም ዝቅ ብሎ ሲቆይ፣ የኩላሊትና የልብ ጉዳት ዕድል እንደሚጨምር በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ለዓመታት ግፊት የኖረበት ሰው ደግሞ አንጎሉ ከፍ ያለውን ግፊት ስለለመደ፣ ለሌላው ሰው በቂ የሆነው ቁጥር ለእርሱ ላይበቃ ይችላል።

ሰመመን ሲጀመር በዚህ ሥርዓት ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ነገሮች ይፈራረቃሉ። መጀመሪያ ማስተኛው መድኃኒት ሲገባ ግፊቱ ይወርዳል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ፕሮፖፎል፣ በመልኩ ወተት የሚመስለው መድኃኒት፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ልብንም በመጠኑ ያለዝባል። አንገት ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ላይ ያሉ የግፊት ጠባቂ ነርቮች ግፊት ሲወርድ ልብን «ፍጠን» ብለው ያዝዙ የነበረውን ትእዛዝም ያዳክማል። ቀጥሎ ጉሮሮው ላሪንጎስኮፕ በሚባለው የጉሮሮ ማያ መሣሪያ ተከፍቶ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ፣ ታካሚው ተኝቶ ሳለ እንኳ ሰውነቱ ይደነግጣል፤ አድሬናሊንና መሰሎቹ ይለቀቁና ግፊቱና የልብ ምቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወጣሉ። ከዚያ ቱቦው ቦታውን ይዞ ቀዶው እስኪጀመር ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር ስለማይኖር ግፊቱ ተመልሶ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ዝቅ የሚለውም በዚህ ጸጥታ ጊዜ ነው። እንግዲህ «ቅድመ ሰመመን መድኃኒት ግፊት ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው ጥያቄ የትኛውን መውረድ ያከብዳል፣ የትኛውንስ መውጣት ያለዝባል የሚለው ነው።

ከሁሉም በፊት ግን መነሻው ቁጥር መታወቅ አለበት፤ ብዙ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ያቺን እናት እንውሰድ። ጠዋት የተለካው 172/98 አማካዩ 123 ነው፤ የማታው ግን 102 ነበር። ማስተኛው መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ ዝቅተኛው ልኬታቸው 104/62፣ አማካዩም 76 ሆነ። ከጠዋቱ ጋር ያነጻጸረ ሰው ግፊታቸው በ38 በመቶ ወደቀ ብሎ ይደነግጣል፤ ከማታው ጋር ያነጻጸረ ግን 25 በመቶ ገደማ ወረደ ይላል። ታካሚዋ አንድ፣ ልኬቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የጠዋቱ ፍርሃት ነው። ሰው ሆዱ ሲባባ ልቡ ይመታል፣ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚለካው ግፊት የዘወትር ግፊቱ አይደለም። ፍርሃትን የሚያረግብ መድኃኒት ለታካሚው እፎይታ ከመስጠቱም በላይ ለእኛም የሚጠቅመው አንዱ በዚህ ነው፤ ግፊቱን ወደ እውነተኛው መነሻ ይመልሰዋል፣ መውረዱም ከተራራ ጫፍ እንደመውደቅ ሳይሆን ይቀራል። በነገራችን ላይ፣ ልጅቷ «ሊመልሱን ነው» ብላ የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀጠሮ ተይዞለት የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ግፊቱ 180/110 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ብዙ ጊዜ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። 172/98 ግን እዚያ አይደርስም፤ የማታውም ልኬት መልካም ነበር።

ፍርሃትን ለማርገብ በብዛት የሚሰጡት ዳያዚፓምና ሚዳዞላም ናቸው። ብቻቸውን በትንሽ መጠን ሲሰጡ በጤናማ ሰው ግፊት ላይ የሚያመጡት ለውጥ መጠነኛ ነው፤ ጥቂት ያወርዱታል፣ አብዛኛውም የሚወርደው ፍርሃት የሰቀለው ነው። ጉዳዩ የሚከብደው ከሌላው ጋር ሲገናኙ ነው። ሚዳዞላምና ፕሮፖፎል፣ በላዩም ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ፈንታኒል፣ ሲገናኙ ውጤታቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ሚዳዞላም የወሰደ ሰው ለመተኛት የሚያስፈልገው የፕሮፖፎል መጠን ይቀንሳል፤ መጠኑ ሳይቀነስ ሙሉው ከተሰጠ ግን ትርፉ የሚሄደው ወደ ግፊት መውረድና ወደ ትንፋሽ መዳከም ነው። ስለዚህ ግፊቱን የጣለው ቅድመ ሰመመን መድኃኒቱ ነው ከማለት፣ እርሱ ሳይቆጠር የተሰጠው ሙሉ መጠን ነው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የ68 ዓመት አባት ለሆድ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ገቡ። ንጋት ላይ ዋርድ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ዳያዚፓም ተሰጥቷቸዋል፤ መዝገባቸው ላይ ግን አልተጻፈም። እኔ ዝም ማለታቸውን አይቼ ትዕግሥተኛ ናቸው ብዬ አሰብኩ እንጂ አልጠየቅሁም። 2 ሚሊ ግራም ሚዳዞላም፣ 100 ማይክሮ ግራም ፈንታኒል ሰጠሁ፤ ፕሮፖፎሉንም ለወጣት በሚሰጥ መጠንና ፍጥነት ገፋሁት። የክንዱ መለኪያ ተነፍቶ፣ ረግቦ፣ እንደገና ተነፍቶ 71/38 ጻፈ። ፈሳሹን ከፈትኩ፣ እግራቸው ከፍ ተደረገ፣ ግፊት የሚያነሣውን ኤፌድሪን ሰጠሁ፤ ግፊቱ ወደ ደህና ቁጥር ለመመለስ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። እኚያ አባት ምንም ሳይሆኑ ነቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዛሬ ጠዋት ምን ዋጡ? ማን መርፌ ወጋዎት?» ብዬ ሳልጠይቅ ሲሪንጅ አላነሣም። መዝገብ ላይ አለመጻፉ የሌላ ሰው ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ አለመጠየቄ ግን የእኔ ነበር።

በዕድሜ የገፋ ሰው ሁለት ተጨማሪ ጉዳይ አለው። የደም ዝውውሩ ዝግ ስለሚል በክንዱ የገባው መድኃኒት አንጎል ደርሶ ውጤቱ እስኪታይ ይዘገያል፤ ያልተኛ መስሎት የሚጨምር ባለሙያ ሳያውቅ እጥፍ ይሰጣል። የሚያስፈልገውም መጠን ያንሳል። ለጤናማ ወጣት ፕሮፖፎል በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ሲሰጥ፣ ለአረጋዊ በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቅድመ ሰመመን መድኃኒት ከወሰዱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ተጓዳኝ ሕመም የጸናበት፣ ወይም መነሻ ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰው ከማስተኛው መድኃኒት በኋላ ግፊቱ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ወደ ሁለተኛው ለውጥ፣ ወደ መውጣቱ እንመለስ። ቱቦ ሲገባ የሚመጣው ድንገተኛ የግፊት መዝለል ለጤናማ ወጣት የሚያልፍ ነገር ነው፤ በአብዛኛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይረግባል። የልብ ደም ሥሩ ለጠበበ፣ አንጎሉ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ላለበት፣ ወይም በእርግዝና የመጣ ከፍተኛ ግፊት ላለባት እናት ግን አደገኛ ነው። ይህን ለመግታት ፈንታኒል በኪሎ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ግራም፣ ቱቦው ከመግባቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይሰጣል። ቀደም ማለቱ ትርጉም አለው፤ ቱቦው ሊገባ ሲል የተሰጠ ፈንታኒል መውጣቱን ሳይደርስበት ያልፍና ሦስተኛውን ለውጥ፣ የጸጥታውን ጊዜ መውረድ፣ ያባብሳል። በደም ሥር የሚሰጥ ሊዶኬይንም ለዚሁ ይውላል፤ ውጤቱ ግን መጠነኛ ነው። ሞርፊንና ፔቲዲን ሕመምን ቢያስታግሱም ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚያስለቅቁ የደም ሥሮችን አስፍተው ግፊትን ሊያወርዱ ይችላሉ። ከመድኃኒቱ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ደግሞ የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ ጉሮሮውን በ15 ሰከንድ ውስጥ ከፍቶ ቱቦውን የሚያስገባ ሰው የታካሚውን ግፊት ብዙም አያስደነግጠውም።

ግፊትንና የልብ ምትን በቀጥታ የሚያረጋጉ መድኃኒቶችን ቀድሞ ስለመስጠት የሕክምናው ዓለም ውድ ትምህርት ተምሯል። ክሎኒዲን፣ ዴክስሜዲቶሚዲንና ቤታ ብሎከር የሚባሉት እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የቱቦውን መዝለል ይገታሉ፤ ታዲያ ለልብ ሕመምተኞች ሁሉ በቀዶው ዋዜማ ቢጀመሩ ይጠቅሙ ይሆን የሚል ተስፋ ነበር። በ2008 ውጤቱ የወጣና 8,351 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በቀዶው ቀን ሜቶፕሮሎል የተጀመረላቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ቢቀንስላቸውም በሞትና በስትሮክ የተጎዱት እንደበዙ አሳየ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የግፊት መውረድ ነበር። በ2014 የወጣውና ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላው ጥናት ደግሞ ክሎኒዲን ሞትንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንዳልቀነሰ፣ የግፊት መውረድን ግን እንዳበዛ አረጋገጠ። እነዚህን ቁጥሮች የምጠቅሰው፣ ታካሚዎች «ግፊቴ እንዲወርድ አንድ ነገር ስጡኝ» ሲሉኝ የማልሰጥበትን ምክንያት እንዲረዱልኝ ነው። በቀዶ ጠዋት ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ በራሱ ሕክምና አይሆንም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። አትሮፒን የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ስለዚህ ዛሬ ለሁሉም አይሰጥም፣ ለሚያስፈልገው ብቻ ይያዛል። የሆድ አሲድ የሚቀንሰው ሲሜቲዲን በደም ሥር በፍጥነት ከተገፋ ግፊት ሊጥልና የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል በዝግታ ይሰጣል። በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት ኬታሚን ከሌሎቹ ይለያል፤ እርሱ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህም ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ይመረጣል፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ታሞ አቅሙ በተሟጠጠ ሰው ላይ ልብን ሊያደክም እንደሚችል አይዘነጋም። ከኬታሚን በፊት ሚዳዞላም ወይም ዳያዚፓም ሲሰጥ የግፊቱን መውጣት ይገታል፣ ሲነቁ የሚታየውንም ቅዠት ይቀንሳል።

ታካሚው ራሱ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን መድኃኒት ማንም ቅድመ ሰመመን አይለውም፤ በግፊት ላይ ያለው ጉልበት ግን እኛ ከምንሰጠው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ሎሳርታንና ኢናላፕሪል ሰውነት ግፊት ሲወርድበት የሚጠቀምበትን አንዱን የመጠባበቂያ መንገድ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ በቀዶው ጠዋት የዋጣቸው ሰው ማስተኛው መድኃኒት ሲገባ ግፊቱ ይበልጥ ሊወርድ፣ ለማንሣትም ሊያስቸግር ይችላል። በ2024 በፈረንሳይ የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ መቀጠልም ሆነ ማቆም በሞትና በከባድ ችግር ላይ ልዩነት እንዳላመጣ፣ የቀጠሉት ግን በቀዶው ወቅት ግፊታቸው ይበልጥ እንደወረደ አሳይቷል። ብዙዎቻችን አሁንም ከቀዶው 24 ሰዓት በፊት እንዲቆም እንመክራለን። እንደ ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት ግን ተቃራኒ ናቸው፤ የለመዳቸው ሰው በድንገት ካቋረጠ የልብ ምቱና ግፊቱ አፈትልኮ ይወጣል። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ፕሮፕራኖሎል ይወስዳሉና፣ «እህል ውኃ አትቅመሱ ተብለናል» ብለው በዚያ ጠዋት ክኒናቸውን ትተው ሲመጡ አያለሁ። ያን ክኒን በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ይፈቀዳል፤ ይገባልም። አምሎዲፒንም በአብዛኛው አይቋረጥም። የትኛው እንደሚቆምና የትኛው እንደሚቀጥል የሚወስነው ግን ታካሚውን የመረመረው ባለሙያ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ማስታወስ ካቃተዎት ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ይምጡ።

የሮቶው ነገር እዚህ ይመለሳል። ከቀዶ በፊት ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ጥሬ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ ለ2 ሰዓት መቆም ይበቃል፤ ይህ ለጤናማ አዋቂ የሚሠራ የታወቀ መመሪያ ነው። በተግባር ግን ታካሚው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በልቶ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለህ ተብሎ፣ ተራው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሰዋል፤ በመካከሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ አልቀመሰም። በዓቢይ ጾም ደግሞ ቀደም ሲል በነበሩት ቀናትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የሚውሉ አሉ። በበጋ የሐዋሳ ሙቀት ይህ ሲሆን ሮቶው ጎድሎ ነው የምንጀምረው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ግፊቱን ደግፎ የያዘው የደም ሥሮቹ መጥበብ ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊ ግራም ሚዳዞላም እንኳ ያንን ድጋፍ ሊያላላው ይችላል። ግሉኮስ ይሰቀልልኝ የሚል ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ለቀዶው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ውኃ እንዲጠጣ የሚፈቅድለት ሰው ነው።

ጫትም መነገር አለበት። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ስለሆነ የልብ ምትንና ግፊትን ያወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊቱን ቅሞ ያነጋ ሰው ጠዋት ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ፍርሃት ነው ብለን ማረጋጊያ ብንሰጠው ምክንያቱን አላገኘነውም ማለት ነው። ይህን የምንጠይቀው ለመፍረድ አይደለም፤ ቤተሰብ ፊት መናገር ካሳፈረዎት ለብቻዎ እንድናነጋግርዎት ይጠይቁ።

ነፍሰ ጡር እናት ከዚህ ሁሉ ትለያለች። በሙሉ ሰመመን ስትወልድ፣ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ወደ ሕፃኑ ተሻግረው ትንፋሹን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ ሕፃኑ እስኪወጣ ድረስ በአብዛኛው አይሰጡም። በእርግዝና የመጣ ከፍተኛ ግፊት ሲኖር ግን መውጣቱን አለመግታት ለአንጎል ደም መፍሰስ ሊያጋልጣት ስለሚችል፣ ግፊቱን በላቤታሎል ወይም በሃይድራላዚን ቀድሞ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ሚዛኑ ከባድ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው አጠገቧ ሊኖር ይገባል።

ፍርሃትን ስለማርገብ ስናገር መድኃኒቱ ብቻ እንዳይታሰብ እፈልጋለሁ። በ1963 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ በዋዜማው የሰመመን ባለሙያ ጎብኝቶ ያስረዳቸው ታካሚዎች ተረጋግተው እንደገቡ፣ የማረጋጊያ መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላቸውም እንዳልተረጋጉ አሳይቷል። በ2015 ከፈረንሳይ የወጣውና ከ1,000 በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናትም ሎራዚፓም የተባለውን ማረጋጊያ ቀድሞ መውሰድ የታካሚዎችን እርካታ እንዳላሻሻለ፣ ይልቁንም የመተንፈሻ ቱቦው የሚወጣበትን ጊዜ እንዳዘገየ አመልክቷል። ለዚህ ነው እኔ ለሁሉም ማረጋጊያ መስጠትን የማልደግፈው፤ በጣም ለፈራ ሰው፣ በትንሹ፣ ዓይኔ እያየ እሰጣለሁ።

ያችን እናት በመጀመሪያ ያደረግሁላቸው ነገር ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነበር። «እማማ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አልኳቸው። «መተኛቱ አይደለም ልጄ፤ መሐል ላይ ብነቃስ?» አሉኝ። እስከ መጨረሻው አጠገባቸው እንደምቆም፣ መሣሪያው ትንፋሻቸውንና ግፊታቸውን ሳያቋርጥ እንደሚያሳየኝ፣ መድኃኒቱም ቀዶው እስኪያልቅ እንደማይቋረጥ ነገርኳቸው። ሎሳርታናቸውን የዋጡት ትናንት ጠዋት መሆኑን፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣታቸውን ጠየቅሁ፤ ዋርድ ውስጥም ምንም ማረጋጊያ እንዳልተሰጣቸው አረጋገጥኩ። ከዚያ 1 ሚሊ ግራም ሚዳዞላም ሰጠሁና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግፊታቸው 144/86 ሆነ። ኦክስጅኑን እየሳቡ ሳለ 50 ማይክሮ ግራም ፈንታኒል ገባ፤ መለኪያው በየደቂቃው እንዲነፋ አደረግሁ፤ የኤፌድሪኑ ሲሪንጅ ተሞልቶ አጠገቤ ነበር። ክብደታቸው 58 ኪሎ ነው፤ ፕሮፖፎሉን ጥቂት በጥቂት ስሰጥ 70 ሚሊ ግራም ላይ ዓይናቸው ተከደነ፣ ስጠራቸውም ዝም አሉ። ዝቅተኛው ያልኳችሁ 104/62 የመጣው ያኔ ነው። ቱቦው ሲገባ 150/88 ወጣ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 108/64 ላይ ረጋ። ኤፌድሪኑ ሳይነካ ቀረ።

ማታ ዋርድ ሄጄ ስጠይቃቸው ሾርባ ቀምሰው ተቀምጠዋል። ልጃቸው የሎሳርታኑን ማሸጊያ በእጇ ይዛ «አሁን ትዋጠው?» አለችኝ። ግፊታቸው 118/70 ነበር፤ ዛሬ ይቅር፣ መብላትና መጠጣት በደንብ ሲጀምሩና ግፊቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ሐኪሙ አይቶ ያስጀምራቸዋል አልኳት። ማሸጊያውን መሀረብ ውስጥ ቋጥራ ትራሱ ሥር አስቀመጠችው።